የአባቶች እውቀት፣ ትንበያ ወይስ ሁለቱም? ከባህር ዳርቻ ሰዎች ተምረን ጅማ ላይ የቱን እንምረጥ

ባለፈው አዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ የሰፈራችን ልጆች ሰብሰብ ብለው "ክረምት ሳይገባ ስለ ጎርፉ አንድ ነገር እናድርግ፣ ባለሙያ እናምጣ ወይስ አባቶች የሚሉትን እንስማ" እየተባባሉ ነበርና እኔንም ጠየቁኝ። ሥራዬ ከገበሬ ጋር ስለሆነ፣ ቤተሰቦቼም ጎማ ወረዳ በኩል ቡና ስላላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ያየሁትም ያነበብኩትም አለ፣ እና በአፍ ከምበታትነው ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙዎቹ ምሳሌዎቼ ከባህር ዳርቻ ናቸው። ጅማ ባህር የት አላት ትሉ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ባህር ዳር የሚኖሩ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ከኛ ቀድመው ነው የተጋፈጡት። የዓለም ባህር ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ወደ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል፣ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ደሞ በዓመት 3.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው የጨመረው። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው፣ ግን ማዕበል ሲመጣ እዛ ላይ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እነሱ በሕይወታቸው ከፍለው የተማሩት ነገር አለ፣ እኛ ደሞ አዌቱ አለን፣ የቦዬ ረግረግ አለን፣ ወደ አሰንዳቦ ስትሄዱ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ዝናብ ጠባቂ ቡና አለን።

ምርጫዎቹ እኔ እንደማያቸው አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የአካባቢው ሰው በሚያውቀው ብቻ መሄድ ነው። ይሄን ንቀው የሚያልፉት ሰዎች ያናድዱኛል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲሙሉዌ የሚባል ደሴት አለ፣ እዛ በ1907 ሱናሚ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር፣ ከዛ በኋላ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው "ስሞንግ" እያሉ በዜማና በተረት ሲነግሩ ኖሩ፣ መልእክቱም መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባህሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ምንም ነገር ሳትይዝ ወደ ተራራ ሩጥ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ያ ትልቁ መሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደሴቷ ለመነሻው ቅርብ ስለነበረች ውሃው በደቂቃዎች ነው የደረሰው፣ ምንም ሳይረን አልነበረም፣ ግን ከ78,000 ገደማ ሰው የሞተው 7 ብቻ ነው። ሌላ ቦታ በአስር ሺዎች ሲያልቁ። ሱናሚ የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ያነሳሁት የአካባቢ እውቀት አቅሙ እስከምን እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። በአንድ አረፍተ ነገር የሚነገር ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ግን አባቶች የሚያውቁት የሆነውን ነው። ከዚህ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር ሲመጣ ምልክቱ አይኖራቸውም። እዛው ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ሰሜን ዳርቻ ደማክ የሚባል አካባቢ ሰዎቹ ባህሩ መንደራቸውን እየዋጠ እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ፣ ትክክልም ነበሩ፣ ግን ባህሩ ከፍ ከማለቱ ሌላ መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ነው፣ ምክንያቱ ደሞ ከከርሰ ምድር የሚሳበው ውሃ ነው፣ ይሄን በዓይን መለየት አይቻልም፣ መለካት ይፈልጋል። ወደኛ ስንመጣም ግልገል ጊቤ በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውሃው ዳር የሚወጣው የሚወርደው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በመብራት ማመንጨቱም ጭምር ነው፣ ስለዚህ የድሮውን ወንዝ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሽማግሌ አዲሱን ዳርቻ እንደዛ ሊያውቀው አይችልም። ደሞ ወባ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከግድቡ ቅርብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ ይያዙ እንደነበር አሳይተዋል፣ ይሄንንም ደም መርምሮ ቆጥሮ ካልሆነ በስተቀር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ምርጫ ትንበያ ወይም ባለሙያ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ባንግላዴሽን ማየት ይበቃል። በኅዳር 1970 የመጣው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ነው የጨረሰው። ማዕበሉ እንዳለ ይታወቅ ነበር እኮ፣ ሳተላይት አይቶታል፣ በሬዲዮም ተነግሯል፣ ግን የሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አልገባውም ወይ አላመነም። የማስጠንቀቂያ ቁጥሮቹ መጀመሪያውኑ የተሠሩት ለወደብና ለመርከብ ነበር፣ ገበሬው "ምልክት ቁጥር ይሄን ያህል" ሲባል ምን ይረዳው? በ1991ም ሌላ አውሎ ነፋስ ሲመጣ መጠለያ እያለ ከብቱን ትቶ መሄድ ያቃተው፣ ቤቱን ሌባ ይዘርፈዋል ብሎ የቀረ፣ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ተፋፍገው ማደር የከበዳቸው ሴቶች ነበሩ፣ ከ138,000 በላይ ሰው ሞተ። ሳይንሱ ከሳተላይት እስከ ሬዲዮ ድረስ መጣ፣ ከሬዲዮ እስከ ሰውየው ቤት ያለውን መንገድ ግን አላወቀውም።

እኔም ከራሴ ልናገር። የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ ቡናችን አልጋ ላይ ተሰጥቶ ግማሽ ያህል ደርቋል፣ ስልኬን ከፈትኩ፣ ለጅማ ፀሐይ ነው የሚለው። እናቴ ሰማዩን አይታ "ደመናው የተነሳበት በኩል አላማረኝም፣ ጉንዳኑም እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሸፍኑት" አለች። እኔ "እማ ተይው፣ ስልኩ ፀሐይ ነው ሚለው" አልኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የወረደው ዝናብ እስከ ንጋት አላባራም፣ ጀንፈሉ ሻገተና ከጎረቤት ባነሰ ዋጋ ሄደ። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፣ እሱ ነው ያመመኝ። በኋላ ሲገባኝ ስልኩ "ጅማ" የሚለው ሰፊ አካባቢን በአማካይ ነው፣ የኛ ቤት ደሞ ተራራ ሥር ነው፣ ከአንዱ ሸንተረር ወደሌላው ዝናቡ የሚለያይበት አገር ነው።

ስለ ወቅት ትንበያም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው አጣሞ ስለሚሰማው። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ "በበልግ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45%፣ መደበኛ 35%፣ ከመደበኛ በታች 20%" ሊል ይችላል ለምሳሌ። ይሄ "ዝናብ ይበዛል" ማለት አይደለም። እንዲህ የተባለባቸው 10 ዓመቶች ቢሰበሰቡ 2ቱ ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ስለዚህ በዛ በደረቁ ዓመት ትንበያው ዋሸ ብሎ መጣል ልክ አይደለም፣ ያለውን መሬት በሙሉ በ45% ላይ መዝራትም ልክ አይደለም።

ሦስተኛው በኛ አገር የተለመደው ነው፣ ባለሙያው ሠርቶ ይጨርስና ሕዝቡ አዳራሽ ይጠራል፣ ይወያያል፣ አበል ይከፈላል፣ እጅ ይወጣል፣ ጸደቀ ይባላል። ለትንንሽ ነገር ሊበቃ ይችላል፣ ፈጣን ነው፣ ወጪውም ይታወቃል። ግን ከተማከሩ በኋላ መለወጥ የሚቻለው ነገር ስንት ነው? ፊጂ ውስጥ ቩኒዶጎሎዋ የሚባል መንደር ባህሩ ስላስቸገረው በ2014 ወደ 2 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ተዛወረ፣ በአየር ንብረት ምክንያት መንደር ሙሉ በሙሉ ሲዛወር በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፣ ብዙ ነገሩም የሚያስመሰግን ነው፣ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት፣ እንጨቱንም ከራሳቸው ጫካ አውጥተዋል። አዲሶቹ ቤቶች ግን ኩሽና ሳይኖራቸው ተሠሩ። ፕላኑ ሲሳል አንዲት ምግብ የምታበስል ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ብትሆን ይሄ ይረሳል? አልመስለኝም።

አራተኛው ባለሙያውና የአካባቢው ሰው ጥያቄው ሲወጣ ጀምሮ አብረው መቀመጣቸው ነው። ቀርፋፋ ነው፣ አድካሚ ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምንም የሚታይ ነገር ላይኖረው ይችላል። ግን ከሁሉም የምወደው የዛንዚባር ሴቶች ታሪክ ከዚህ ነው። እዛ የባህር አረም እያረሱ የሚሸጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አሉ፣ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ መሞት ጀመረ። ሴቶቹ ናቸው መሞቱን ቀድመው ያዩት፣ ተመራማሪዎቹ ደሞ ሙቀቱን ለክተው ቀዝቀዝ ወዳለው ጠለቅ ወዳለ ውሃ ውሰዱት አሉ። ጥሩ መልስ ነው። ግን አብዛኞቹ ሴቶች ዋና አይችሉም! ድሮ ውሃው ሲጎድል በእግራቸው ገብተው ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ ነገርየው ወደ ጀልባ፣ ወደ ዋና ትምህርትና ማዕበል የማይበጥሰው ቱቦ መሰል መረብ ወደመሥራት ሄደ። ይሄን ዋና አለመቻል የሚባል ነገር ከቴርሞሜትር ላይ ማንበብ አይቻልም፣ የምትነግራችሁ ሴትየዋ ብቻ ናት።

ባንግላዴሽም የተለወጠችው በዚሁ መንገድ ነው። ከ1970ው እልቂት በኋላ ከመንደሩ ራሱ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች አሠለጠኑ፣ ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 በላይ ነው፣ ከመካከላቸውም ብዙ ሴቶች አሉ፣ ትንበያው ከመሥሪያ ቤት ይመጣና እነሱ በባንዲራና በድምፅ ማጉያ፣ ጎረቤት በሚሰማው ቋንቋ ቤት ለቤት ያደርሱታል። ለከብትም ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ተሠራለት፣ ምክንያቱም ገበሬ በሬውን ትቶ አይሄድም። በ2007 ሲድር የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ወደ 3,400 ሰው ነው። ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ ነፍስ ነው፣ ግን ከ300,000 ጋር አስተያዩት።

እኛ ጋም አለ እኮ! የቡና ኮሌቶትሪከም በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ፍሬውን አረንጓዴ እያለ እያጠቆረ ይጥለው ነበር። ተመራማሪዎቹ መልሱን ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም የፈጠሩት፣ በየገበሬው ማሳና ጫካው ዞረው ሌላው ሲታመም ጤነኛ ሆኖ የቆመውን እናት ዛፍ ፈለጉ፣ ከመቱ አካባቢ ያገኙትንም አምጥተው በሽታውን እያስያዙ ፈተኑት። ዛሬ 74110 እና 74112 የምንላቸው ዝርያዎች፣ ጅማ ላይ ግማሹ ሰው ጓሮ ያሉት ማለቴ ነው፣ ቁጥራቸው በ74 የጀመረው በ1974 ስለተመረጡ ነው። ዛፉን ለዘመናት ያቆየው ገበሬ ነው፣ የትኛው እንደሚቋቋም ያረጋገጠው እዚሁ ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ነው፣ አንዱ ከሌላው ውጪ ባዶ እጁን ነበር።

እሺ ታዲያ ሁሌም አራተኛውን እንምረጥ? እኔ አይመስለኝም። ሰው ጊዜ የለውም፣ ለእያንዳንዱ ነገር ስብሰባ ከተባለ ማንም አይመጣም። የቱ እውቀት ይበልጣል ብሎ ከመጨቃጨቅ የምንወስነው ምንድነው፣ ብንሳሳትስ ማን ምን ያጣል የሚለውን ማስቀደም ይሻላል።

የነገና የሳምንት ውሳኔ ከሆነ፣ ቡና መሸፈን፣ ከወንዝ ዳር ከብት ማንሳት፣ ሕፃናትን ከታችኛው ቤት ወደላይኛው ማሳደር፣ እነዚህ ላይ ከሁለቱ አንዱ እንኳን አደጋ አለ ካለ እመኑት። ስልኩ ፀሐይ ቢልም እናታችሁ ሸፍኑ ካለች ሸፍኑ፣ እናታችሁ ምንም ባትልም ትንበያው ዝናብ ካለ ሸፍኑ። ምክንያቱም በከንቱ መሸፈን የሚያስከፍለው የግማሽ ሰዓት ጉልበት ነው፣ አለመሸፈን ግን የዓመት ልፋት ነው። (እርግጥ በከንቱ ማስጠንቀቅ ሲደጋገም ሰው መስማት ያቆማል፣ ስለዚህ ስንቴ በከንቱ እንደሆነ መቁጠር አለባችሁ።)

የወቅት ውሳኔ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በቆሎ ልዝራ ወይስ ልቆይ ሲባል የመጀመሪያው ዝናብ ያታልላል፣ አጎቴ የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ጥሩ ዝናብ አይቶ፣ ምልክቱም ደህና ነው ብሎ መሬቱን በሙሉ ዘርቶ ነበር፣ ትንበያው ግን ዝናቡ እንደሚቋረጥ ተናግሮ ነበር፣ ቡቃያው ደርቆ ዘር እንደገና ገዛ። እዚህ ላይ ሁለቱም እስኪስማሙ ቆዩ፣ ካልተስማሙ ደሞ መሬቱን ከፍላችሁ ግማሹን አሁን ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝሩ። 8028 ላይ በነፃ ደውሎ በአማርኛም በኦሮምኛም የእርሻ ምክር መስማት ይቻላል፣ ለዚህ ይጠቅማል።

የ10 እና 20 ዓመት ውሳኔ ላይ ሳይንሱ ይምራ እላለሁ። ቡና ተክሎ 20 ዓመት የሚጠብቅ ሰው የአያቱ ጊዜ ሙቀት አይመለስለትም። በ2017 የወጣ ጥናት ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59% የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ብሏል፣ ወደ ከፍተኛው ቦታ ከተኬደ ግን አዲስ መሬት ይገኛል ይላል። ይሄን ያህል ሩቅ ማየት ማንም ሽማግሌ አይችልም። ግን የትኛው ማሳ ውርጭ ይቀመጥበታል፣ ዋንዛው ወይስ ብርብራው ነው ለቡናው የተሻለ ጥላ የሚሰጠው፣ ላይኛው መሬት የማን ግጦሽ ነው የሚለው ደሞ ከካርታ አይነበብም፣ እና የማን ግጦሽ እንደሆነ ሳይጠየቅ ቡና ወደላይ ይውጣ ማለት ጠብ መትከል ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ፣ ወደ ጎርፉ። ይሄ ከመጀመሪያው አብሮ ካልተሠራ አይሆንም ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ትናንሽ ወንዞች ላይ የቆየ የውሃ ልኬት እንደልብ ስለማይገኝ መሐንዲሱ ራሱ የአባቶች ትዝታ ያስፈልገዋል። ከቤት ቤት ዞራችሁ "ውሃው እስከየት ደርሶ ያውቃል፣ በየትኛው ዓመት፣ የትኛው ግድግዳ ጋ ቆመ" ብላችሁ ጠይቁ፣ የተባለበት ቦታ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሦስት የተለያየ ቤት ያሉ ሰዎች አንድ ከፍታ ከነገሯችሁ እሱ ጠንካራ መረጃ ነው። ሁለተኛ ግን እዛ ላይ አትቁሙ፣ ድሮ ላይኛው ሰፈር ሳርና ዛፍ ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ነው፣ ያው ዝናብ ቢዘንብ እንኳን ድሮ ከነበረው ፈጥኖና በዝቶ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ የአባቶች ከፍተኛ ምልክት መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም፣ ከሱ በላይ ስንት እንጨምር የሚለውን ባለሙያው ያስላው።

አብሮ መሥራት ስል ማን ይቀመጥ የሚለው ነገር ከባድ ነው። "ሽማግሌዎች ተጠይቀዋል" ሲባል ብዙ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አራት ወንዶች ናቸው። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚጎድል የምታውቀው ውሃ የምትቀዳዋ ናት፣ የግድቡን ዳር የሚያውቀው ዓሣ አጥማጁ ልጅ ነው፣ ታችኛው ሰፈር ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ደሞ መሬት ስለሌለው ስብሰባ አይጠራም፣ ግን ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ቤት ነው።

ሌላው ቅር የሚለኝ ነገር፣ አንዴ ጥናት ነን ያሉ ሰዎች ቡና ለቀማ ላይ መጥተው እናቴን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ወቅት ጠየቋት፣ ቡና አፍልታ አስተናገደቻቸው፣ ከዛ በኋላ ምን እንዳገኙ እንኳን ተመልሶ የነገራት የለም። ከሰው የወሰዳችሁትን ለሰውየው በሚገባው ቋንቋ መልሱ። በ2015 የፓሪሱ ስምምነት ላይ ራሱ መላመድ በሳይንስም በአካባቢና በነባር ሕዝቦች እውቀትም ይመራ ተብሎ ተጽፏል፣ ግን ወረቀት ላይ መጻፉ እናቴ ጋ አልደረሰም።

ለመጀመር ደሞ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ደብተር። ቆርቆሮውን ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ እንጨት ላይ እሰሩት፣ ጠዋት ጠዋት የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለክታችሁ ድፉት፣ 10 ሚሊሜትር ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ደብተሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ አንዱ ላይ ትንበያው ያለው፣ አንዱ ላይ እናንተ ጋ ያለ አዋቂ ሰው ያየው ምልክት፣ አንዱ ላይ የሆነው። ምልክቱ ታይቶ ዝናብ ያልመጣበትን ቀንም ጻፉ እንጂ አትዝለሉ፣ ሰው የሚያስታውሰው የያዘለትን ብቻ ነውና። ሁለት ወቅት ከሞላችሁ በኋላ የትኛው ምልክት፣ የትኛው ትንበያ፣ በየትኛው ወር እንደሚታመን የራሳችሁ ሰፈር መረጃ ይኖራችኋል፣ ባለሙያ ሲመጣም ባዶ እጃችሁን አትቀበሉትም።

እኛ ቤት ካለፈው ግንቦት ጀምሮ ቆርቆሮው ተሰቅሏል። የምልክቱን ክፍል የምትሞላው እናቴ ናት፣ መጻፍ ስለማትችል እሷ ትናገራለች፣ የእህቴ ልጅ ይጽፋል፣ ማታ ማታ ደሞ "የኔ ስንት ያዘ፣ የስልኩስ?" ብላ ታስቆጥረዋለች።